አንባቢ ያጣ ፍሎፒ

ስለ አሮጌ ኮምፒውተር በተነሣ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ፍሎፒው ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ጎደሎ ነው። ፍሎፒ ለብቻው የሚሠራ ነገር አይደለምና። የሚያሽከረክረው ድራይቭ አለ፤ ድራይቩን ከማሽኑ የሚያገናኝ ኬብል አለ፤ ከድራይቩ የሚመጣውን ምት ወደ መረጃ የሚለውጥ ኮንትሮለር ካርድ አለ፤ ለኮንትሮለሩ የድራይቩን ዓይነት የሚነግር ባዮስ አለ፤ በመጨረሻም ፋይሉን የጻፈው ፕሮግራምና በእኛ አገር ሲሆን ፕሮግራሙ የተጠቀመበት የፊደል ሠንጠረዥ አለ። ከእነዚህ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ጤነኛው ዲስክ ሳይቀር ዝም ይላል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር እንዲህ ነው፦ ይህን ሰንሰለት በኢትዮጵያ የሚበጥሰው ከእርጅና ይልቅ የአወጋገድ ልማዳችን ነው፤ ለማዳንም ሙሉ ኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ መከመር አያስፈልግም። ካርዱን ዛሬ በርካሽ መተካት ይቻላል። የማይተካው ድራይቩ ነው፤ እኛ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ መፍቻ እንልካለን።

መፍቻው ያለው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። ፋብሪካው፣ የጉምሩክ ቅርንጫፉ፣ የጭነት መኪናው ማደሪያና የፍሳሽ ማጣሪያው የሰፈሩበት ይህ ክፍለ ከተማ፣ ከተማዋ ከባድ ነገር ሁሉ የምትቀበልበትና የምትሸኝበት ደጃፍ ነው። የመንግሥት የኮምፒውተር እድሳትና ሥልጠና ማዕከልም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መፍቻውን ያቋቋመው እዚሁ አቃቂ ነው። የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩት ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥናት ውስጥ ይህ መፍቻ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ኮምፒውተር በእጅ ይፈታል፤ የተፈታውም በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፦ ብረቱ ከብረት፣ አሉሚኒየሙ ከአሉሚኒየም፣ ኬብሉ ለመዳቡ፣ ማዘርቦርዱና ካርዱ ደግሞ ለብቻ። ካርዶች ውስጥ ያለውን ወርቅና መዳብ በአግባቡ የሚለይ ማቅለጫ በአገር ውስጥ ስለሌለ የካርዶቹ መጨረሻ ወደ ውጭ መላክ ነው። አሠራሩ ለአካባቢ ጤና ትክክል ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425ም ዘርፉን በሕግ ሥር ለማስገባት የታለመ ነው። በሌላ በኩል ቆራሌው ሰብስቦ ምናለሽ ተራ የሚያደርሰው ዕቃ አለ፤ እዚያ ደግሞ ድራይቩ ለሞተሩ ወይም ለብረቱ ይፈለጋል። ሁለቱም መንገዶች የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፦ ዕቃውን የሚያዩት በተሠራበት ማዕድን ነው። የፍሎፒ ድራይቭ ዋጋ ግን ያለው ከማን ጋር ይስማማል በሚለው ላይ ስለሆነ፣ በሚዛን ላይ ሲወጣ አይታይም።

ይህን ለመረዳት ስምምነቱ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። አይቢኤም ባለ 8 ኢንቹን ፍሎፒ እ.ኤ.አ. በ1971 አወጣ፤ ሹጋርት አሶሺዬትስ በ1976 ባለ 5.25 ኢንቹን፣ ሶኒ በ1981 ባለ 3.5 ኢንቹን አስከተሉ። ለኋለኞቹ ሁለቱ መሠረት የሆነው የሹጋርት ባለ 34 መስመር ግንኙነት ነው። በዚህ አሠራር አንድ ኬብል ላይ እስከ አራት ድራይቭ መሰካት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ድራይቭ ስንተኛ እንደሆነ የሚለየውም በራሱ ላይ ባለች ትንሽ ጃምፐር ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ሲሠራ ቴክኒሻኑን ከዚህ ጣጣ ለማዳን ፈልጎ ድራይቮቹ ሁሉ ሁለተኛ ተብለው እንዲሞሉ አደረገና፣ ከኬብሉ መካከል ከ10 እስከ 16 ያሉትን መስመሮች ጠመዘዛቸው። ከጥምዝማዛው በኋላ የተሰካው ድራይቭ «ኤ»፣ ከፊቱ የተሰካው «ቢ» ሆነ። ብልሃቱ ቀላል ነበር፤ መዘዙ ግን ረጅም ሆነ። ኋላ ለአይቢኤም ተስማሚ ማሽኖች ተብለው የተሠሩ ብዙ ድራይቮች ጃምፐሩን ጭራሽ ጣሉት። እንዲህ ያለውን ድራይቭ ባልተጠመዘዘ ኬብል ከሌላ ማሽን ጋር ብታገናኙት መብራቱ አይበራም፤ የተበላሸ ይመስላል፤ ቴክኒሻኑም «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። በአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ ሞቱ ከተባሉት ድራይቮች የተወሰኑት በስማቸው ያልተጠሩ ብቻ ናቸው።

ፍሎፒ ድራይቭን ከሌሎች ዕቃዎች የሚለየው ዋናው ጠባይ ግን ዝምታው ነው። ኋላ የመጡት ሃርድ ዲስኮች ሲጠየቁ ስማቸውንና መጠናቸውን ይናገራሉ። ፍሎፒ ድራይቭ ማን እንደሆነ አይናገርም። ማሽኑ የሚያምነው ሰው በባዮስ ውስጥ የሞላለትን ነው፤ ያ መረጃ ደግሞ የሚቀመጠው በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ባትሪ ኃይል ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ዓመታት የቆየ ኮምፒውተር ባትሪው አልቆ ሲነሣ ድራይቩን ረስቶታል። ከሁሉም የሚያሳዝነው በዚህ ምክንያት ብቻ «ፍሎፒ አያነብም» ተብሎ የሚወገድ ሳጥን ነው፤ ባትሪውን መቀየርና አንድ መስመር መሙላት በቂ ሊሆን ይችል ነበርና።

ቀጥሎ ፍጥነት አለ፤ ኮንትሮለር ካርዱ ወሳኝ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። 360 ኪሎባይት የሚይዘው ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ በአንድ ገጹ 40 ትራክ አለው፤ በደቂቃ 300 ዙር ይሽከረከራል፤ መረጃውም በሰከንድ 250 ኪሎቢት ይፈስሳል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ከኤቲ ማሽኑ ጋር ያመጣው ባለ 1.2 ሜጋባይት ድራይቭ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ 80 ትራክ ያነብባል፣ 360 ዙር ይሽከረከራል፣ 500 ኪሎቢት ያፈስሳል። አሮጌው የ360 ኪሎባይት ዲስክ እዚህ አዲስ ድራይቭ ውስጥ ሲገባ ከተጻፈበት ፍጥነት በላይ ስለሚሽከረከር 250ው ወደ 300 ኪሎቢት ያድጋል። ስለዚህ የኤቲ ኮንትሮለር ሦስተኛ ፍጥነት ማወቅ ግድ ሆነበት። ከኤቲ የቀደመው የአይቢኤም ኤክስቲ ማሽን ካርድ ግን 250ን ብቻ ያውቃል። ባለ 1.44 ሜጋባይት ድራይቭ ከኤክስቲ ካርድ ጋር ሲሰካ ኬብሉ ይገጥማል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፤ የሚያነበው ግን የ720 ኪሎባይት ዲስኮችን ብቻ ነው። ይህ ከሙሉ ብልሽት የባሰ ነው፤ አንዱን ዲስክ አንብቦ ሌላውን እምቢ ሲል ጥፋቱ በካርዱ ሳይሆን በዲስኩ ይሳበባልና።

በ1.2 ሜጋባይቱና በ360ው መካከል ያለው ጠብ በፍጥነት አያበቃም። የ80 ትራኩ ድራይቭ የማንበቢያ ራስ ከ40 ትራኩ ራስ በስፋት ግማሽ ያህል ነው። ሲያነብ ችግር የለም፤ ሰፊውን መስመር በጠባብ ዓይን ያያል። ሲጽፍ ግን በሰፊው መስመር መካከል ቀጭን መስመር ያሰምርና ከግራና ከቀኝ ያለውን አሮጌ መረጃ ሳያጠፋ ይተወዋል። ያ ዲስክ ወደ መጀመሪያው ማሽን ሲመለስ ሰፊው ራስ አዲሱንም አሮጌውንም ባንድ ላይ ይሰማል፤ የሚያወጣውም ውጥንቅጥ ነው። ሁለት ዓይነት ማሽን ጎን ለጎን በሚሠራበት መሥሪያ ቤት እንዲህ የተቀያየረ ዲስክ መኖሩ አይቀርም፤ የዛሬው አንባቢም «ተበላሽቷል» ከማለቱ በፊት በሁለቱም ዓይነት ድራይቭ ሊሞክረው ይገባል። በ3.5 ኢንቹ ዓለም ደግሞ ጣጣው የምታመጣው አንዲት ቀዳዳ ናት። ባለ 1.44 ሜጋባይቱ ዲስክ በአንዱ ማዕዘን ተጨማሪ ቀዳዳ አለው፤ ድራይቩም በእሷ መጠኑን ይለያል። ቀዳዳዋን የማያይ አሮጌ ድራይቭ ይህንኑ ዲስክ በ720 ኪሎባይት ፎርማት ካደረገው፣ አዲሱ ድራይቭ ቀዳዳዋን አይቶ በ1.44 ሊያነበው ይታገልና «ፎርማት አልተደረገም፤ ፎርማት ላድርገው?» ይላል። አዎ ብሎ የመለሰ ሰነዱን አጠፋ። መፍትሔው ቀዳዳዋን በፕላስተር ሸፍኖ እንደገና መሞከር ነው።

ከዚህ ሁሉ አደገኛው ግን 34ኛው ፒን ነው። በሹጋርት አሠራር ይህ መስመር «ድራይቩ ዝግጁ ነው» የሚል መልእክት ያደርስ ነበር፤ ከአይቢኤም ኤቲ ወዲህ ግን «ዲስኩ ተቀይሯል» የሚል ሆነ። አንዱን ዓይነት ድራይቭ ከሌላው ዓይነት ኮንትሮለር ጋር ያገናኘ ሰው ዲስክ ሲቀይር ማሽኑ መቀየሩን አያውቅም። ሁለተኛውን ዲስክ አስገብቶ ዝርዝሩን ሲያስወጣ የሚያየው የመጀመሪያውን ዲስክ ዝርዝር ነው። እስከዚህ ድረስ ግራ መጋባት ብቻ ነው፤ አንዳች ነገር ሊጽፍ ከሞከረ ግን ማሽኑ የመጀመሪያውን ዲስክ የይዞታ ሠንጠረዥ በሁለተኛው ላይ ያሰፍርበታል፣ ሁለተኛውም ይበላሻል። ስለዚህ አሮጌ ዲስክ ወደ የትኛውም ድራይቭ ከመግባቱ በፊት መጻፍ እንዳይቻል መቆለፍ አለበት፤ ቁልፉ ደግሞ በሁለቱ መጠኖች ተቃራኒ ነው። በ5.25 ኢንቹ የጎኑ ጠርዝ ሲሸፈን ይቆለፋል፤ በ3.5 ኢንቹ ቀዳዳው ሲከፈት ይቆለፋል። ዊንዶውስ 95 ያልተቆለፈ ዲስክ ውስጥ ሳይጠየቅ የራሱን ምልክት የሚጽፍ መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ጥንቃቄ ከልክ ያለፈ አይሆንም።

ኮንትሮለሩ ራሱ ምንድን ነው? በአይቢኤምና በተስማሚዎቹ ዘንድ ግንዱ የኤንኢሲ 765 ቺፕና የኢንቴል አቻው 8272 ነው፤ ኋላ የመጡትም የእነሱን ጠባይ ወርሰው ቀስ በቀስ ማዘርቦርዱ ላይ ተዋሕደዋል። ሌሎች ማሽኖች የዌስተርን ዲጂታልን ቺፖች ተጠቀሙ፤ አፕልና ኮሞዶር ደግሞ በራሳቸው የአጻጻፍ ስልት ሄዱ። የማኪንቶሽ ባለ 800 ኪሎባይት ዲስክ የሚሽከረከርበትን ፍጥነት እንደ ትራኩ ቦታ በአምስት ደረጃ ይለዋውጣል፤ የአይቢኤም ኮንትሮለር ይህን ዲስክ ሲያይ ባዶ ይመስለዋል። ለእኛ ደስ የሚለው ነገር በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በብዛት የገባው አይቢኤም ተስማሚ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ቤተ መዛግብት በደርዘን ከሚቆጠሩ የማይግባቡ ማሽኖች ጋር ሲታገሉ፣ የእኛ ጥያቄ በአመዛኙ በአራት ዓይነት ዲስክ ይወሰናል፦ 360፣ 720፣ 1.2 እና 1.44።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ «ማሽኑን እንዳለ አስቀምጡት» የሚል ነበር፤ ድራይቩን ከተዛመደው ካርድ፣ ካርዱን ከተዛመደው ባዮስ መለየት አደጋ ስለሆነ። ይህን ምክር የለወጠው የመግነጢስ ምት መዝጋቢ የሚባለው አነስተኛ ሰሌዳ ነው። ክራዮፍላክስ፣ ሱፐርካርድ ፕሮና ግሪስዊዝል ከታወቁት ናቸው፤ የመጨረሻው ከ50 ዶላር በታች ይሸጣል። እነዚህ ሰሌዳዎች በድራይቩና በዛሬ ላፕቶፕ መካከል በዩኤስቢ ይገባሉ። እንደ ድሮው ኮንትሮለር ዲስኩን ለመተርጎም አይቸኩሉም፤ የማንበቢያው ራስ በሚያልፍበት መስመር ላይ መግነጢሱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር በመካከል ያለፈውን ጊዜ በማይክሮሰከንድ ክፍልፋይ ለክተው ይመዘግባሉ። ትርጉሙ በኋላ በሶፍትዌር ይሠራል። በመሆኑም የትኛው ኮንትሮለር፣ የትኛው ፍጥነት፣ የትኛው የአጻጻፍ ስልት የሚለው ጥያቄ ከብረት ወደ ፕሮግራም ተሸጋገረ፤ የማኪንቶሹ ባለ 800 ኪሎባይት ዲስክ ሳይቀር በተራ የፒሲ ድራይቭ ተመዝግቦ ሊተረጎም ይችላል። ዲስኩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነበብ ያህል ደክሞ ቢሆን እንኳ የተመዘገበው ምት ደጋግሞ ይመረመራል።

የክርክሬ መዞሪያ ይህ ነው። ምት መዝጋቢው ካርዱን ተካ፤ ድራይቩን ግን አልተካም፤ አይተካምም። ትክክለኛ ሞተር፣ ትክክለኛ ራስ፣ ትክክለኛ የእርምጃ ስፋት ያለው መካኒካዊ ዕቃ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ዛሬ አዲስ አድርጎ በብዛት የሚሠራ የለም። ሶኒ የዲስኩን ሽያጭ በአገሩ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 አቁሟል፤ ድራይቮቹ የሚገኙት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ብቻ ነው፤ የ5.25 ኢንቹ ደግሞ በውጭ አገር ዋጋው ከዓመት ዓመት እየወጣ ነው። በሌላ አነጋገር ቃሊቲ ላይ በብረትነቱ የሚመዘነው ያ ዕቃ፣ ከጠቅላላው ሰንሰለት ምትክ የሌለው ብቸኛ ቀለበት ሆኗል። ካርዱን ለወርቁ ይውሰዱት፤ ማዘርቦርዱንም እንዲሁ። በብረትነቱ ብዙም የማያወጣው ድራይቭ ግን ይቆይ። ከሚቀሩትም ውስጥ ቅድሚያ የሚገባው የ1.2 ሜጋባይቱ ነው፤ ሁሉንም የፒሲ 5.25 ኢንች ዲስክ ማንበብ ይችላልና። ሰፊ ራስ ያለው የ360ው ድራይቭ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ለተቀያየሩት ዲስኮች ያስፈልጋል። የ3.5 ኢንቹ ገና ሞልቷል፤ ጥራት ያላቸውን መርጦ ማስቀመጥ ይበቃል። ድራይቩ ሲነቀል ኬብሉም አብሮት መውጣት አለበት፤ የ5.25 ኢንቹ መሰኪያ ከ3.5 ኢንቹ የተለየ ስለሆነ በኋላ ፈልጎ ማግኘቱ ድራይቩን ከማግኘት አይቀልም።

ድራይቩን ለማቆየት ከገበያ ዋጋው የበለጠ ምክንያትም አለ። የድራይቭ ራስ ከዓመታት ሥራ በኋላ ከትክክለኛ መስመሩ በጥቂቱ ያፈነግጣል። ባለቤቱ ይህን አያውቅም፤ ራሱ የጻፈውን ራሱ ያነባልና። ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ሲሞክር ግን አይነበብም። አንድ መምሪያ ለአሥር ዓመት በአንድ ጠማማ ድራይቭ ላይ ሲጽፍ ኖሮ ማሽኑ ወደ ቃሊቲ፣ ዲስኮቹ ወደ መዝገብ ቤት ቁም ሣጥን ቢላኩ፣ የነዚያ ዲስኮች ምርጥ አንባቢ የተጣለው ጠማማ ድራይቭ ነበር። የሌላ ድራይቭን ራስ አጣምሞ ማመሳሰል ለሠለጠነ እጅ የሚቻል ነው፤ ግን ማን ለስንት ዲስክ ያደርገዋል?

እዚህ ላይ ለፈረንጅ ቤተ መዛግብት የማይነሣ፣ ለእኛ ግን ወሳኝ የሆነ ደረጃ አለ። ዲስኩ ተነበበ፣ ፋይሉ ወጣ እንበል። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚጻፈው በአጋፋሪ፣ በብራና፣ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በሌሎችም ፕሮግራሞች ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ሠንጠረዥ ነበረው። አንድ ባይት 256 ምልክት ብቻ ሲይዝ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ስለሚበልጥ፣ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ቀለሙን ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። ስለዚህ ከፍሎፒ በትክክል የወጣ የአማርኛ ደብዳቤ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅ ነው። የማያውቅ ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይፈርዳል፤ ከላይ እንዳየነው የፒኑና የቀዳዳው ጥፋት ሁሉ በዲስኩ እንደሚሳበበው። ከዚህ ችግር ያመለጠው አማርኛን በላቲን ፊደል ብቻ የሚጽፈው «ሴራ» የተባለ ስልት ነው፤ ያኔ የማያምር ይመስል የነበረው ዛሬ ያለ ምንም ፎንት ይነበባል። እናም ከሚወገደው ማሽን የሚቀመጠው ድራይቩ ብቻ አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ የተጫነው የጽሕፈት ፕሮግራምና ፎንቱ ጭምር ተገልብጦ መውጣት አለበት። ይህ ቦታ አይወስድም፤ ጠቅላላው ከጥቂት ፍሎፒ አይበልጥም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ በርካሽ ይሸጣል፤ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ነው። ለጤነኛ የ1.44 ዲስክ ይህ በቂ ነው፤ ከእሱ መጀመርም ብልህነት ነው። ነገር ግን የዩኤስቢው ዕቃ ኮንትሮለሩን በሆዱ ደብቆ የመጣ ስለሆነ ምቱን አያሳይም፤ ያልተነበበውን ሴክተር «አልተነበበም» ብሎ ያልፋል። ባለ 5.25 ኢንች ዩኤስቢ ድራይቭ ደግሞ በገበያ የለም። ስለዚህ ዩኤስቢው ቀላሉን ሥራ ይሠራል፤ የከበደውን አይነካም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ ዲስኮቹ ራሳቸው ሞተዋል ይላል። ሻጋታ፣ አቧራ፣ ሙቀት፣ የመግነጢሱ መድከም፤ እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ሆኖም መጠነ ብዙ መረጃ በጠባብ ቦታ ያልታጨቀበት ዲስክ የበለጠ ይታገሣል፤ ከአሮጌዎቹ የ360ዎቹ ከኋለኞቹ ርካሽ 1.44ዎች ይልቅ መነበባቸው በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ አየርም ከባሕር ዳርቻ ከተሞች እርጥበት ጋር ሲነጻጸር ለመግነጢስ የዋህ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዲስኩ መሞቱ ሊረጋገጥ የሚችለው በሚስማማ ድራይቭ ሲሞከር ብቻ ነው። ድራይቩን አስቀድሞ አፍርሶ ዲስኩ ሞቷል ማለት ምስክሩን አሰናብቶ ፍርድ መስጠት ነው።

ሦስተኛው «የእኛ መሥሪያ ቤት ሁሉን ነገር በወረቀት ያትማል፤ ዋናው ፋይል ውስጥ አለ» የሚለው ነው። ለደብዳቤና ለቃለ ጉባኤ ይህ ሚዛን የሚደፋ መልስ ነው፤ ማኅተም የሌለበት ፍሎፒ በእኛ ቢሮ ባህል ሰነድም አይባል። ለቁጥር ግን አይሠራም። ጥናት በዲቤዝ ወይም በሎተስ ፕሮግራም ሲሠራ የሚታተመው የድምር ሠንጠረዥ ነው፤ ድምሩ የተገኘበት የቤተሰብ፣ የማሳ ወይም የሕሙማን መስመር በዲስኩ ይቀራል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ጥናት በአዲስ ጥያቄ ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ የሚሻው ድምሩን ሳይሆን መስመሩን ነው። የ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላ የበዙት መጽሔቶችና ጋዜጦችም በኮምፒውተር የተለቀሙ ናቸው፤ የታተመው ቅጂ ቢገኝም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ረቂቅ፣ የወጣውና የገባው አንቀጽ የሚታየው በፋይሉ ነው። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ አዋጅ ቁጥር 179/1991 ተቋሙን የሰነድ ቅርስ ጠባቂ ሲያደርገው፣ ያ ቅርስ ከወረቀት ውጭም ሊሆን እንደሚችል መቀበል አዲስ ሕግ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

አራተኛውን ተቃውሞ የሚያነሡት የአካባቢ ባለሙያዎች ናቸው፤ እውነት ስላለበት ከሁሉም ይበልጥ አከብረዋለሁ። ለዓመታት የተደከመው መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተር በየግምጃ ቤቱ ማከማቸታቸውን ትተው እንዲያስወግዱ ነው፤ አሁን «አቆዩ» ማለት ለማከማቸት ሰበብ መስጠት ይሆናል ይላሉ። ስለዚህ ነው ክርክሩን ወደ ድራይቩ ያጠበብኩት። የሚቀረው እርሳስ የተሞላው የድሮ ስክሪን ወይም ሙሉው ሳጥን አይደለም። ለመላው አገሪቱ ጥቂት መደርደሪያ የሚበቃቸው ድራይቮችና ኬብሎች ናቸው። የትርፍ ዕቃነት ምክንያትም አለ፦ አንድ ድራይቭ ሲሰነጠቅ ወይም ላስቲኩ ሲላላ ሌላው ዕቃውን ይለግሠዋል። ቁጥሩ ገደብ ይኑረው፤ ከገደቡ በላይ የሆነው ይፈታ።

አምስተኛው ምስጢር ነው። የወጡት ዲስኮች የሠራተኛ፣ የታካሚ፣ የተከሳሽ ስም ሊይዙ ይችላሉ፤ ታዲያ ማንበብ አደጋ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ግን የዛሬው ሁኔታ ያነሰ አደጋ የለበትም። ያልተነበበ ዲስክ በቆራሌ ጆንያ ሲሄድ ምን እንደያዘ ባለቤቱ አያውቅም፤ ድራይቭ ያለው ሰው ግን ያውቀዋል። ምስጢር የሚጠበቀው ይዘቱ ታውቆ ሲመደብ ነው። የሚደመሰሰውም ቢሆን ታውቆ ይደምሰስ። ይህን ሥራ ለግል ሱቅ መስጠት አይገባም፤ በባለቤቱ መሥሪያ ቤት ወይም በቤተ መዛግብቱ ሥር መሠራት አለበት።

የውጭውን ዓለም እንደ ማስፈራሪያ መጥቀስ አልወድም፤ ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል። ጃፓን ለመንግሥት አገልግሎት ፍሎፒ የሚጠይቁ ደንቦቿን ጠራርጋ የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ የአሜሪካ የኒውክሌር ኃይል የመልእክት ሥርዓት ባለ 8 ኢንቹን ዲስክ የተወው በ2019 ነው። ሀብታሞቹ የዘገዩት ከማሽኑ ጋር የሚስማማውን ዕቃ እስከ መጨረሻው ጠብቀው ነው። የእኛ ቅደም ተከተል ተገላቢጦሽ ነው፦ ማሽኑ ይቀድማል፣ ዲስኩ በቁም ሣጥን ይቀራል፣ ጥያቄው መጨረሻ ይመጣል። በነገራችን ላይ ይህ የቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ የጥልፍ ማሽኖችና በቁጥር የሚታዘዙ የብረት መቁረጫ ማሽኖች ንድፋቸውን የሚቀበሉት በፍሎፒ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ፋብሪካ ድራይቩ ቢሞት በዩኤስቢ ፍላሽ የሚሠራ የፍሎፒ አስመሳይ ሊተክል ይችላል፤ ጎቴክ የሚባለው ዓይነት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያም ቢሆን ስለ 34ኛው ፒንና ስለ ጃምፐሩ ከላይ የተባለው ሁሉ እንዳለ ይሠራል፤ አስመሳዩ በሹጋርት ወይስ በአይቢኤም ልማድ እንዲናገር እንደሚፈለግ አስቀድሞ ካልተሞላ ማሽኑ አያውቀውም። በፋብሪካ በተሞላው ቃሊቲ ስለ ድራይቭና ካርድ ስምምነት የሚያውቅ ቴክኒሻን ለቤተ መዛግብት ብቻ ሳይሆን ለምርትም ያስፈልጋል።

የሚቀረው ይህ ሥራ የት ቦታ ይገባል የሚለው ነው። ቃሊቲ በር ላይ ማስገባት ዘግይቷል፤ ሳጥኑ እዚያ ሲደርስ ከየትኛው መምሪያ እንደመጣ፣ የትኞቹ ዲስኮች የእሱ እንደነበሩ የሚናገር ወረቀት አብሮት አይመጣም። ትክክለኛው ቦታ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ነው። ኮሚቴው የሚወገደውን ኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚመዘግብበት ቅጽ ላይ ሦስት ጥያቄ ቢጨመር ይበቃል፦ ፍሎፒ ድራይቭ አለው ወይ፣ ከየት ክፍል ነው፣ የክፍሉ ዲስኮች የት ናቸው? አለው ከተባለ ድራይቩ ከነኬብሉ ይነቀላል፤ በባዮሱ የተሞላው መረጃ ይገለበጣል፤ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሙና ፎንቱ ይወጣሉ፤ በድራይቩ ጀርባ ላይ የክፍሉ ስም ይለጠፋል። ዲስኮቹ ተቆልፈው ከድራይቩ ጋር ባንድ ካርቶን ይገባሉ። ባዶው ሳጥን፣ ማዘርቦርዱና ኮንትሮለር ካርዱ በዚያው ቀን ወደ ቃሊቲ መሄድ ይችላሉ።